የዳክዬ ኩሬ ሲያፈስ፦ ሸክላ፣ ላስቲክ፣ ሲሚንቶ ወይስ ግማሽ ሮቶ?

ድሬዳዋ ላይ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ብዙ አይደለም። የሚያረባው ግን ቅሬታው አንድ ነው፦ ግቢ ውስጥ ያስቆፈራት ኩሬ ውሃ አልይዝ አለች። ማታ ሞልታ ታድራለች፣ ጠዋት ጎድላ ትገኛለች። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች ኩሬ በቀን አምስት ሳንቲ ሜትር ከጎደለች 300 ሊትር ሄዷል። በየቀኑ አሥራ አምስት ጄሪካን መሆኑ ነው።

ምክር ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ ብዙ ነው። አንዱ ሸክላ አፈር ጠቅጥቁበት ይላል። ሌላው ላስቲክ አንጥፉ ይላል። ግንበኛው ሲሚንቶ ነው መፍትሔው ይላል። ሁሉም እንደ ቦታው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ አብዛኛው ምክር ዳክዬዋን አይቆጥርም። ዓሣ ኩሬ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ዳክዬ ግን ጭቃውን በምንቃሯ ትቆፍራለች፣ ዳሩን ትንዳለች፣ በጥፍሯ ትቧጥጣለች።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የራሱ ግቢ ላለውና ከአምስት ስድስት በላይ ዳክዬ ለሌለው ሰው፣ ትልቋን ኩሬ ትቶ በሽቦ የተለሰነ ትንሽ የሲሚንቶ ገንዳ ቢሠራ እመርጣለሁ። ለተከራይ ግማሽ ሮቶ። ላስቲክ ለትልቅ ኩሬ ብቻ። ሸክላ ድሬ ላይ አልመክርም፤ ሐረር ወይም ሐሮማያ በኩል ላላችሁ ግን ሊያዋጣ ይችላል። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ እያፈሰሰ ነው?

የድሬ ፀሐይ ራሷ ውሃ ትጠጣለች። ሞቃትና ነፋሻ በሆነ ቀን፣ ጥላ ከሌለው ኩሬ ላይ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ብቻ ሊሄድ ይችላል። ዳክዬዎቹም ሲንቦጫረቁና ወጥተው ሲራገፉ ቀላል የማይባል ውሃ ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በባልዲ ሞክሩት።

ባልዲ ውሃ ሙሉና ኩሬው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። አፉ ከኩሬው ውሃ ከፍ ይበል። የባልዲውን ውሃ ልክም የኩሬውንም ልክ ምልክት አድርጉበት። ዳክዬዎቹን ለአንድ ቀን ከኩሬው አግዱ። በማግስቱ ሁለቱን አስተያዩ። እኩል ከጎደሉ ኩሬው አያፈስም፣ የሚያስፈልጋችሁ ጥላ ነው። ኩሬው ከባልዲው አብልጦ ከጎደለ፣ ልዩነቱ መሬት የገባው ውሃ ነው።

ቀጥሎ ቦታውን መፈለግ። ውሃ ሳትጨምሩ ተዉትና የት ላይ እንደሚቆም እዩ። አንድ ከፍታ ላይ ደርሶ መጉደሉን ካቆመ፣ ቀዳዳው እዚያው ከፍታ ላይ፣ ጎኑ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ወለሉን ጠርጥሩ። የሲሚንቶ ገንዳ ከሆነና ስንጥቅ ካያችሁ፣ ውሃው ሲረጋ ጥቂት ወተት በስንጥቁ አጠገብ ጠብ አድርጉ። የሚያፈስ ከሆነ ወተቱ ወደ ውስጥ ሲሳብ ታዩታላችሁ። ከውጭ በኩልም ዙሩ፤ ሌላው ደርቆ አንድ ጥግ ብቻ ሣር ካበቀለ ውሃው ወደዚያ እየሄደ ነው።

ቱቦ የሚያልፍበትን ቦታ አትርሱ። የፕላስቲክ ቱቦና ሲሚንቶ አይጣበቁም። ብዙ ገንዳ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በማፍሰሻ ቱቦው ዙሪያ ብቻ ያንጠባጥባል። ያን ጊዜ ሙሉ ገንዳ እንደገና ማስለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ዙሪያውን ፈልፍሎ መድፈን ይበቃል።

ሸክላ አፈር

በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የሚያምረው ይሄ ነው። አፈር በአፈር፣ ርካሽ፣ ተፈጥሯዊ። ነገር ግን የድሬ መሬት አብዛኛው ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱ ወንዝ ያየ ሰው ይሄ አይነገረውም፤ ክረምት የሚያስፈራ ጎርፍ ይወርድበታል፣ ጎርፉ ሲያልፍ ደግሞ ውሃው አሸዋው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የግቢያችሁ አፈርም ከዚያው ዘር ነው።

ሸክላ መሆኑን ለማወቅ አፈሩን አርጥቡና በእጃችሁ እንደ እርሳስ አድቦልብሉት። ሳይሰበር ተድቦልቡሎ ቀለበት ከሠራ ይሆናል። ከተፈረፈረ አይሆንም።

ጥሩ የሸክላ ንጣፍ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ እርጥብ እያለ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት። ሦስት በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቷ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነች ኩሬ ወለሏና ጎኗ ተደምሮ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከሦስት ሜትር ኩብ ተኩል በላይ ሸክላ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጥቁር አፈር ከሐሮማያ በኩል በአይሱዙ ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ማስወረድ ርካሽ የተባለውን ነገር ውድ ያደርገዋል።

ወጪውን ቻልነው እንበል። ሁለት ጠላት ይቀራል። የመጀመሪያው ራሷ ዳክዬዋ ናት። ሸክላው ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ካልተደለደለ በምንቃሯ ቆፍራ ቆፍራ ታሳሳዋለች። ሁለተኛው ፈረቃው ነው። ውሃ ሳይመጣ ቀናት ካለፉና ኩሬው ከጎደለ፣ የተጋለጠው ጥቁር አፈር ይሰነጠቃል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ በስንጥቁ ይወርዳል።

ቤንቶናይትስ? ይሄ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዱቄት ነው፤ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ይጠቀሙበታል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ኪሎ ይሄዳል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የእኛ ውሃ አይወደውም። የድሬ ውሃ ምን ያህል ኖራ እንዳለው ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ እዩ። ይሄው ካልሲየም የቤንቶናይትን እብጠት ይቀንሰዋል። በተጨማሪ የሚሸጥበት ሱቅ ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያረጀ የዳክዬ ኩሬ ከአዲሱ ያነሰ ያፈሳል። ኩስና ደቃቅ ጭቃ አሸዋውን ቀስ በቀስ ስለሚደፍነው ነው። አንዳንድ ሰው ኩሬውን በአካፋ እስከ አሸዋው ጠርጎ ካጸዳ በኋላ «ማፍሰስ ጀመረ» የሚለው ለዚህ ነው። የአፈር ኩሬ ካላችሁ ከላይ ያለውን ዝቃጭ ብቻ አንሱ፣ የታችኛውን አትንኩ።

ላስቲክ

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ያስታውሳል። በ1990ዎቹ የዝናብ ውሃ ለማቆር በየገበሬው ጓሮ ኩሬ ሲቆፈር፣ ብዙዎቹ በላስቲክ የተነጠፉ ነበሩ። አሠራሩ ፈጣን ነው። በአንድ ቀን ቆፍሮ፣ አንጥፎ፣ ሞልቶ ማደር ይቻላል። ለስፋት ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ነው።

ዋናው ነገር ዓይነቱ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀጭን ነጭ ላስቲክና ሰማያዊ ሸራ ለዚህ አይሆኑም። የድሬ ፀሐይ ላይ ወዲያው ተሰባብረው ያልቃሉ። የሚሆነው ጥቁሩ፣ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ነው። ዳክዬ ለሚረግጠው ኩሬ ውፍረቱ ከ0.75 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ልኩ እንዲህ ይወጣል፦ ርዝመት፣ ሲደመር የጥልቀት ሁለት እጥፍ፣ ሲደመር በየዳሩ 40 ሳንቲ ሜትር ትርፍ። ለዚያችው ሦስት በሁለት ለሆነችው ኩሬ አምስት ሜትር በአራት ሜትር ይሄዳል።

ከሥሩ ስለታም ጠጠር ለቅማችሁ ካልጣላችሁ ምንም ውፍረት አያድነውም። የውሃው ክብደት ላስቲኩን ጠጠሩ ላይ ይጫነዋል። አሸዋ ደልድሉ፣ ከላዩ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ባዶ ማዳበሪያ አንጥፉ፣ ከዚያ ላስቲኩን። ዳሩን በድንጋይና በአፈር ሙሉ በሙሉ ቅበሩት፤ መጀመሪያ የሚሞተው ፀሐይ የሚያየው ጠርዝ ነው።

ለዳክዬ መግቢያና መውጫ የሚሆን አንድ ቦታ ለዩ። እዚያ ላይ ተጨማሪ ላስቲክ ደርቡና ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ይሄ ካልተደረገ በጥፍራቸው የሚቦጫጭሩት፣ እያንሸራተተ የሚያስቸግራቸውም ያው ቦታ ነው። ጫጩት ካለ ደግሞ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው፤ የሚያዳልጥ ላስቲክ ላይ መውጣት አቅቷት ትሰጥማለች።

ቅር የሚለኝ ማጽዳቱ ነው። የዳክዬ ኩሬ በአካፋ የሚጸዳ ነገር ነው፣ አካፋና ላስቲክ ደግሞ አይስማሙም። አንድ ጊዜ ከተበሳ ቀዳዳውን ለማግኘት ሁሉንም ማድረቅ አለባችሁ። አይጥ ከሥር ሊበላው ይችላል፣ የዛፍ ሥርም ሊገፋው ይችላል። ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካለ ራቅ አድርጉት።

ሲሚንቶ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በደንብ ከተሠራ የዓመታት ነገር ነው፣ በችኮላ ከተሠራ ግን በመጀመሪያው ወር ይሰነጠቃል። ድሬ የሲሚንቶ ከተማ ናት፣ ዕቃውም ግንበኛውም ቅርብ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 600 ሊትር ይይዛል። ሠላሳ ጄሪካን ነው። ያቺ ትልቋ ኩሬ 3,600 ሊትር፣ 180 ጄሪካን ትፈልግ ነበር። አምስት ዳክዬ ትንሿ ትበቃቸዋለች። የሚቆሽሸውን ውሃ ደግሞ መለወጥ የሚቻለው ትንሽ ሲሆን ነው። 600 ሊትር ለማንጎና ለፓፓያ ማጠጣት ደስ ይላል፣ ለዛፉም ማዳበሪያ ነው። 3,600 ሊትር ግን የት ይደፋል?

ጎኑን ቀጥ አታድርጉት። ዘንበል ያለ ጎን ልስኑን ይይዛል፣ ዳክዬዋም በቀላሉ ትወጣበታለች። መሬቱን አርጥባችሁ ጠቅጥቁ። የዶሮ ሽቦ አንጥፉ፤ ሁለት ሽቦ ሲገናኝ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይደራረብ። ሽቦ የሌለው ልስን አሸዋ መሬት ላይ ዕድሜ የለውም፤ መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥ አብሮ ይሰነጠቃል። ሽቦው መሬቱ ላይ እንዳይተኛ በትንንሽ ጠጠር ከፍ አድርጉት፣ ልስኑ መሃል መግባት አለበት።

ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ ነው። ውሃው ትንሽ ይሁን፤ የሚፈስ ድብልቅ ለመለሰን ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ውሃ መከላከያ የሚጨመረውን፣ ሱቆቹ ሲካ የሚሉትን፣ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። ከልኩ በላይ መጨመር የበለጠ አያጠብቅም። ጠቅላላ ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ዙር ይሁን። ለትንሿ ገንዳ 50 ኪሎው ከረጢት አንድ ተኩል ያህል ይሄዳል።

አሸዋውን ፈትሹ። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል አለበት፣ ደለል ደግሞ ሲሚንቶው እንዳይዝ ያደርጋል። ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ አሸዋ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉና ናጡት። ሲያድር ከአሸዋው በላይ ደቃቅ ጭቃ ይቀመጣል። ጭቃው ከአሸዋው ከአሥራ አምስት አንድ እጅ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ፣ ወይም ሌላ ይፈለግ።

ከዚያ ዋናው ነገር፦ ውሃ ማጠጣት። በድሬ ሙቀት በእኩለ ቀን የተለሰነ ገንዳ ማታውኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ አስለስኑ። ወዲያው በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋት፣ ቀንና ማታ አጠጡት። ግንበኛው «ሦስት ቀን ይበቃዋል» ቢላችሁ አትስሙት፤ እሱ ሄዷል፣ ገንዳው የእናንተ ነው።

አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን ኖራማ ያደርገዋል። ዓይንና እግር ያቃጥላል። ሞልታችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ድፉት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ያንን የመጀመሪያ ውሃ ችግኝ ላይ አትድፉት። ዳክዬዎቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

የማፍሰሻ ቱቦ ከታች መግባቱ ግድ ነው። ስፋቱ ከሁለት ኢንች አይነስ፣ ላባና ኩስ ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። ሲሚንቶው እንዲይዘው የቱቦውን አካል በሸካራ ወረቀት ሞርዱት፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ቀቡት፣ ሳይደርቅ አሸዋ ነስንሱበት። ይቺ ትንሽ ሥራ ከላይ ያወራነውን የቱቦ ዙሪያ ማንጠባጠብ ታስቀራለች።

ቀድሞ የተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ካላችሁና ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ፣ በመሮ አስፍታችሁ፣ በብሩሽ አጽድታችሁ፣ አርጥባችሁ በውሃ መከላከያ ሞርታር ድፈኑት። ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድና ተደፍኖም ተመልሶ የሚከፈት ከሆነ ግን መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። እዚያ ላይ ልስን መደረብ ከንቱ ነው፤ ገንዳውን አጽድታችሁ ላስቲክ አልብሱት። ሬንጅ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። በድሬ ፀሐይ ይለሰልሳል፣ ላባ ላይ ይጣበቃል፣ ዳክዬዋም ላባዋን በምንቃሯ ስታበጃጅ ትውጠዋለች። ይቅር።

ግማሽ ሮቶ

አጭር ነው። የተሰነጠቀ ወይም አፉ የተበላሸ ሮቶ ከጎረቤት ወይም ከቁራሌ ይገኛል። ከታች 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡት። ከአንድ ሺህ ሊትሩ ሮቶ ከ300 እስከ 400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይወጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሞርዱና አሮጌ የውሃ ጎማ ለሁለት ሰንጥቃችሁ አልብሱት። እኩሌታውን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ከውስጥም ከውጭም በድንጋይ ወይም በብሎኬት ደረጃ አድርጉለት። ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። በርሜል ከሆነ ግን ኬሚካል ወይም ዘይት የነበረበትን አትጠቀሙ።

ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። ትንሽ ውሃ፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የድሬ ቀትር። ጥላ ሥር ካልሆነ ዳክዬዎቹ አይገቡበትም። ሞቆ የበሰበሰ ውሃ ደግሞ ለዳክዬ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ አንገት የሚያልፈሰፍሰውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

ትንኝ ሳይረሳ

ይሄን ከዋጋም በላይ አየዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የሚባለው ትኩሳት ድሬን እንዴት እንዳስተኛት የነበረ ያውቃል። በ2014 ደግሞ ወባ ሲነሳ ከጀርባው የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያና በገንዳ የሚራባ ትንኝ ነው። ዳክዬ እጭ ትበላለች፣ እውነት ነው። ግን የማትደርስበት ቦታ አለ፦ የላስቲክ እጥፋት፣ ግማሽ የደረቀ ኩሬ ጥግ፣ የድንጋይ ሥር። በዚህ ሚዛን ለስላሳ ሲሚንቶና ሮቶ ይበልጣሉ። በሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ደፍታችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጋችሁ መሙላት ትችላላችሁ። መፈተጉ የግድ ነው፤ ቺኩንጉንያ አስተላላፊዋ ትንኝ እንቁላሏን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ለትንኝ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት ውሃው ላይ እንዳታፈሱ። የዳክዬ ላባ ውሃ የማያስገባው በራሷ ቅባት ነው፣ ዘይት ያበላሸዋል።

እና የቱን?

ድሬ ላይ ሰፈራችሁ ከዚራም ይሁን ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ፣ የራስ ግቢና ጥቂት ዳክዬ ካለ ሲሚንቶ ከሽቦ ጋር። ተከራይ ከሆናችሁ ሮቶ። መልካ ጀብዱ አካባቢ ሰፊ ቦታ ላለው፣ ሃያና ሠላሳ ዳክዬ ለሚያረባ ወይም ውሃውን ለአትክልት ለሚጠቀም ሰው ወፍራም ላስቲክ። ሐረር ግን ሌላ ነው። ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ትነቱ ይቀንሳል፣ ሸክላ አፈርም በቅርብ አለ። እዚያ ጠጠር የለበሰ የሸክላ ኩሬ መሞከር አይከፋም፣ ውሃው እንዳይቋረጥባት ብቻ።

የሲሚንቶውን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብታደርጉት ይሻላል፤ ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ጎርፉም የለም። ገንዳው እስኪጠና ዳክዬዎቹ ያለ ኩሬ ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አይሆኑም። ጥላ ሥር ሁለት ሳፋ አስቀምጡላቸው፣ በየቀኑ ይለወጥ። ጥልቀቱ ግን ጭንቅላታቸውን ሙሉ የሚያስነክር ይሁን፤ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን መታጠብ ካልቻሉ ዓይናቸው ይታመማል።